ቶኒ ቤኔት ሲሄድ እኔ ያጠፋሁት

ስልኬ ሲንጫጫ መኪና ውስጥ ነበርኩ። ቀኑ ሐሙስ ነው፣ ኦክቶበር 17 ቀን 2024። ሥራ ልገባ የሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ አቁሜ ቡናዬን እየጨረስኩ ነበር። የጓደኞቼ ግሩፕ ላይ «ቤኔት ለቀቀ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል። ቶኒ ቤኔት የምደግፈው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ቡድን አሰልጣኝ ነበር። ውሸት መሰለኝ። የመጀመሪያው ጨዋታ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ማን ይለቃል? ከዚያ ሌላ መልእክት መጣ፣ ሌላም መጣ። እውነት ነው። ያን ቀን በሽተኛ ፊት እየቆምኩ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነበር። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ ሰው የሞተብኝ መስሏት «ምን ሆንክ?» አለችኝ።

ስለ አንድ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ይህን ያህል ማዘን ለብዙ ሰው አይገባ ይሆናል። የሚገባው ግን እንዳለ አውቃለሁ። ቬንገር ከአርሰናል ሲሄድ ያለቀሱ ጓደኞች አሉኝ። ክሎፕ ሊቨርፑልን እንደሚለቅ ሲናገር ምሳ ያልበላ ዘመድ አለኝ። ይህን የምጽፈው ለእንደነዚህ ዓይነት ሰዎች ነው። ማዘኑ ችግር አልነበረውም። ካዘንኩ በኋላ ያደረግኩት ነው ጥፋቱ፣ እና ብዙው መቅረት ይችል ነበር።

እኔና ቤኔት ቨርጂኒያ የገባነው በአንድ ዓመት ነው፣ በ2009። እሱ ከዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ መጣ፣ እኔ ከአዲስ አበባ። 15 ዓመቴ ነበር። አባዬ ቀድሞን መጥቶ የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ከተማ ታክሲ ይነዳ ስለነበር እኔ፣ እማዬና እህቴ ተከትለነው መጣን። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነበር። ትምህርት ቤት ምሳ ሰዓት ላይ ከማን ጋር እንደምቀመጥ አላውቅም። አጠገቤ የሚማር አንድ ልጅ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ደጋፊ ነበር፣ እና ሰኞ ጠዋት የማወራው ነገር እንዲኖረኝ ብዬ ቅዳሜ ጨዋታውን ማየት ጀመርኩ። እንዲሁ ነው የጀመረው።

ቨርጂኒያ የራሷ የኤንቢኤ ቡድን የላትም። ለብዙ ሰው የኮሌጁ ቡድን ነው የአገር ቡድን። ኮሌጅ ውስጥ ደግሞ ተጫዋች ቢበዛ አራት አምስት ዓመት ቆይቶ ይሄዳል፣ አሰልጣኙ ነው የሚቀረው። ስለዚህ ደጋፊ ልቡን የሚያስጠጋው አሰልጣኙ ላይ ነው። ይህ ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ቀድሞ ገብቶኝ ቢሆን ለራሴ ትንሽ በራራሁ ነበር።

የቤኔት ቡድን ቀስ ብሎ ይጫወታል። አባቱ ዲክ ቤኔትም አሰልጣኝ ነበሩ፣ የመከላከል ዘዴውን ያወረሱት እሳቸው ናቸው። አንዱ ኳስ የያዘውን ይጋፈጣል። ሌሎቹ አራቱ ከባለ ሦስት ነጥቡ መስመር ትንሽ ገባ ብለው፣ የማይታይ አጥር እንዳለ ሁሉ፣ ተጠጋግተው ይጠብቃሉ። አንዱ ቢታለፍ ሌላው ይደርስለታል። ጨዋታው 50 እና 60 ነጥብ ላይ ያልቅ ነበር፣ ብዙ ሰው «ያስተኛል» ይላል። አባዬ ግን ከሥራ ደክሞ መጥቶ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ያየውና «ማግባቱን ማንም ይወደዋል፣ እነዚህ ልጆች መከልከሉን ነው የወደዱት» ይል ነበር። ከአባዬ ጋር ሳንጣላ ሁለት ሰዓት የምንቀመጠው በዚያ ጨዋታ ብቻ ነበር። ሌላውን ጊዜ ስለ ትምህርት፣ ስለ ጸጉር፣ ስለ ጓደኛ እንጨቃጨቃለን።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ተቀበለኝ። በ2014 ዱክ ዩኒቨርሲቲን 72 ለ 63 አሸንፈን ከ1976 በኋላ የመጀመሪያውን የኤሲሲ፣ ማለትም ቡድናችን ያለበት የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ፣ የውድድር ዋንጫ ስናነሳ ተማሪ ነበርኩ። የዚያን ለሊት የዩኒቨርሲቲውን ከተማ ሻርሎትስቪልን አልረሳውም። ግን ከቤኔት ጋር ያጣበቀኝ ያ ድል አይደለም። ሽንፈት ነው።

ማርች 16 ቀን 2018፣ ዓርብ ማታ። 31 አሸንፈን 2 ብቻ ተሸንፈን ነበር ወደ ማርች ማድነስ፣ የተሸነፈ ወዲያው ወደሚወጣበት አገር አቀፍ የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር፣ የገባነው፣ ከሁሉም ቡድኖች በላይ ተመድበን። እዚያ ቡድኖች በየምድባቸው ከጠንካራው 1ኛ እስከ ደካማው 16ኛ ይመደባሉ። ተጋጣሚያችን ዩኤምቢሲ 16ኛ የተመደበ ከባልቲሞር አጠገብ ያለ ዩኒቨርሲቲ ነው። በወንዶቹ ውድድር ታሪክ 1ኛ የተመደበ ቡድን 16ኛ ከተመደበ ጋር 135 ጊዜ ተጫውቶ 135 ጊዜም አሸንፏል። እረፍት ላይ 21 ለ 21 ነበርን። መጨረሻው 74 ለ 54። ተሸነፍን። አገሩ ሁሉ ሳቀብን።

በዚያው ሳምንት የነርስነት ፈቃድ ፈተና ለሁለተኛ ጊዜ ወድቄ ነበር። ለአባዬ ገና አልነገርኩትም። ያን ማታ ሶፋው ላይ ሆኜ ቤኔት ጋዜጠኞች ፊት ወጥቶ ሲቀመጥ አየሁት። ሰበብ አላበዛም። ዩኤምቢሲ በደንብ እንደበለጣቸው ተናገረ፣ አመሰገናቸው፣ ጥያቄውን ሁሉ ቀና ብሎ መለሰ። እኔ ደግሞ ስለ ፈተናው ውሸት እያዘጋጀሁ ነበር። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁና ለአባዬ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ሦስተኛውን መቼ ትወስዳለህ?» አለኝ። ሦስተኛውን አለፍኩ።

በቀጣዩ ዓመት የሆነውን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። በ2019 ከፐርዱ ጋር ማማዲ ዲያኪቴ ሰዓቱ ሲያልቅ ያስገባት ኳስ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ወሰደችን። ከኦበርን ጋር በሁለት ነጥብ እየተመራን ካይል ጋይ 0.6 ሰከንድ ሲቀር ሦስት የቅጣት ምት አገኘ። አባዬ ማየት አቅቶት ኮሪደር ወጣ። እማዬ ስለ ጨዋታው ምንም ሳታውቅ ትጸልያለች። ሦስቱንም አስገባ፣ 63 ለ 62። ኤፕሪል 8 ሚኒያፖሊስ ላይ ቴክሳስ ቴክን 85 ለ 77 አሸንፈን ሻምፒዮን ሆንን። ዓመቱ ሳያልቅ ቤኔት የደሞዝ ጭማሪ ሲቀርብለት አልፈልግም አለ። ለረዳቶቼና ለፕሮግራሙ ይዋል ብሎ፣ ከባለቤቱ ጋር ሆኖ ለተጫዋቾች የሙያ ማሠልጠኛ 500,000 ዶላር ከኪሱ ሰጠ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው በኦክቶበር የሄደው። በዚያው ዓመት ጁን ላይ እስከ 2030 የሚያቆየውን ውል ፈርሞ ነበር። ያቃጠለኝ እሱ ነው። የመጀመሪያው ስህተቴም እዚህ ነው። ዓርብ መግለጫ እንደሚሰጥ እያወቅኩ ሐሙስ ማታውኑ ግሩፓችን ላይ ረጅም ነገር ጻፍኩ። «ሸሸ» አልኩ። «ልጆቹን ሜዳ ላይ ጥሎ ሄደ» አልኩ። ከዚያም የባሰ ጻፍኩ፣ እዚህ አልደግመውም። ዓርብ ዕለት ቤኔት ድምፁ እየተቆራረጠ ተናገረ። ጨዋታውን እንደሚወድ፣ ልጆቹን እንደሚወድ፣ ነገር ግን አሁን ባለው አካሄድ ለዚህ ሥራ ትክክለኛው ሰው እሱ እንዳልሆነ አመነ። ተጫዋቾች ገንዘብ ማግኘታቸውን አልተቃወመም፣ ይገባቸዋል አለ። ከ2021 ጀምሮ ተጫዋች በስሙና በምስሉ መከፈል ይችላል። በትራንስፈር ፖርታል ደግሞ በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲ መቀየር ይችላል። አሰልጣኙ ማሠልጠን ብቻ ሳይሆን በየጸደዩ ገበያ መውጣት አለበት። ቤኔት ደግሞ ልጅ ተቀብሎ አራት ዓመት ኮትኩቶ የሚያሳድግ ሰው ነበር። የማይችለውን አልችልም ብሎ ነው የሄደው። እኔ ግን አንዴ ጽፌዋለሁ። ከዚያ ግሩፕ ሁለት ልጆች እስካሁን እንደ ድሮው አያወሩኝም።

እባካችሁ የምትወዱት አሰልጣኝ ሲሄድ ያን ቀን ምንም አትጻፉ። ስልኩን ለሌላ ሰው ስጡት። ሰውየው የሚናገረውን ሙሉውን ስሙት፣ ተቆርጦ የሚዞረውን ሳይሆን ሙሉውን። እኔ ሙሉውን የሰማሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት የተናደድኩት ባልተናገረው ነገር ነበር።

ሁለተኛው ስህተቴ የባሰ ነው። ቤኔት ላይ መናደድ ሲያቅተኝ ንዴቱን የቀረው ሰው ላይ አዞርኩት። ሮን ሳንቼዝ የቤኔት ረዳት ነበር፣ ከዋሽንግተን ስቴት ጀምሮ አብሮት የሠራ። ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቡድኑን ተረከብ ተባለ፣ ለዚያውም በጊዜያዊነት። ማን ቢሆን ይከብደዋል። እኔ ግን ጨዋታ የማየው ስህተቱን ለመልቀም ነበር። ባሃማስ ላይ በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ ክፉኛ ስንሸነፍ፣ ለመናገር አፍራለሁ፣ ደስ አለኝ። «አላልኳችሁም?» ለማለት ተመቸኝ። ያ ዓመት በ15 ድልና በ17 ሽንፈት አለቀ፣ ሳንቼዝም ሥራው አልጸናለትም። ሰውየው የተሰጠውን ከባድ ነገር ተሸክሞ በጨዋነት ጨርሷል። ለሄደው የነበረኝን ፍቅር በቀረው ላይ ቂም አድርጌ አወጣሁት።

በዚህ መሃል ለሊት ለሊት የድሮ ጨዋታ አያለሁ። የ2019ኙን ከኦበርን ጋር የተጫወትነውን ስንቴ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። ከሥራ ገብቼ እስከ ሌሊቱ ስምንት ዘጠኝ ሰዓት። እንቅልፍ ሳይጠግቡ በሽተኛ መንከባከብ አይሆንም፣ አለቃዬ ሁለት ጊዜ ጠርታ አነጋግራኛለች። ባለቤቴ ታገሠችኝ ታገሠችኝና አንድ ቀን «ያለቀ ጨዋታ ነው እኮ» አለችኝ። ተቆጣኋት። አሁን ብዙ ጊዜ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

እማዬ ግን በአንድ አባባል ጨረሰችው። እሑድ ቤቷ ምሳ ስንበላ ስለ ቤኔት ሳወራ ሰምታ «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» አለች። ዝም አልኩ። ማታ ወረቀት አወጣሁና ሁሉንም ጻፍኩት። በአንድ በኩል 364 ድል፣ ስድስት የኤሲሲ መደበኛ ዘመን ሻምፒዮንነት፣ ሁለት የኤሲሲ ዋንጫ፣ አንድ አገር አቀፍ ዋንጫ። በሌላው በኩል ለሊት የማላያቸውን ጨዋታዎች። በ2021 በኦሃዮ ተሸነፍን። በ2023 በፈርማን 68 ለ 67። በ2024 በኮሎራዶ ስቴት 67 ለ 42። ከ2019 ዋንጫ በኋላ ማርች ማድነስ ላይ አንድም ጨዋታ አላሸነፍንም። ከሳንቼዝ ጋር እያወዳደርኩት የነበረው ቤኔት የዚያች የአንዲት ሚኒያፖሊስ ለሊት ቤኔት ነበር። ወረቀቱን ሞክሩት። የሄደውን ሰው አያሳንሰውም፣ እኔ እንዲያውም ያን ማታ ይበልጥ ወደድኩት። ግን ሰው ሆኖ ይመለስላችኋል።

አርሰናል የሚደግፈው ጓደኛዬም ረድቶኛል። ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠን ቬንገርን ስለተካው ስለ ኤምሬ ሲያወራ «ኤምሬ ቬንገር አለመሆኑን እያየሁ ዓመት ከመንፈቅ አቃጠልኩ» አለኝ። «ኤምሬ ራሱ ማን እንደሆነ አንድም ቀን አላየሁም።» ከራሳችሁ ቡድን ደጋፊ ጋር ብቻ ስታወሩ ቁስሉን ነው የምታካኩት። ቡድናችሁን የማያውቅ፣ የራሱን አሰልጣኝ ግን አጥቶ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ።

የመለሰኝ ግን የእህቴ ልጅ ነው። 11 ዓመቱ ነው። በዚያው ዓመት ነው ቅርጫት ኳስ የያዘው፣ እኔ ሳልገፋፋው። የሚወደው አይዛክ መክኒሊን ነበር፣ ባለ ሦስት ነጥብ ሲወረውር እጁን እንዴት እንደሚያደርግ መስታወት ፊት ይለማመዳል። ጃንዋሪ 2025 ላይ ሻርሎትስቪል ይዤው ሄድኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆን ፖል ጆንስ አሬና ገባ። ከአሌክሳንድሪያ ሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ስንሄድ አፉ አያርፍም ነበር። ጨዋታው ላይ እኔ ጀመርኩ። «ቤኔት ቢሆን ይህን ልጅ አያስገባውም።» «የድሮው ቡድን እንዲህ አይከላከልም ነበር።» «ታይ ጀሮምን ብታየው!» እያንዳንዷን ኳስ።

ስንመለስ ዝም አለ። የተኛ መስሎኝ ነበር። ቤንዚን ልቀዳ ስቆም ከኋላ ወንበር «አጎቴ» አለኝ።

«አቤት።»

«አንተ ያየኸውን እኔ አላየሁም። እኔ ያለኝ ይሄ ቡድን ነው።»

መልስ አልነበረኝም። ቤንዚኑን ቀድቼ ስጨርስ እንኳ ፓምፑን ይዤ ቆሜያለሁ። በ2009 የኔም ቡድን እኮ ገና ማንም የማያከብረው ነበር። ማንም አጠገቤ ቁጭ ብሎ «ድሮ ቢሆን» አላለኝም። አባዬ የሚያየውን አየ፣ የሚያደንቀውን አደነቀ፣ በቃ። ልጁ ግን ከኔ ጋር ተቀምጦ ደስታውን በየደቂቃው ነጠቅኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለራሴ ደንብ አወጣሁ፤ ልጁ ካልጠየቀኝ በቀር ጨዋታ ላይ የቤኔትን ስም አላነሳም። መጀመሪያ ከባድ ነበር። ግን ማውራት ስተው ማየት ጀመርኩ። መክኒሊ ኳስ ሳይዝ እንዴት እንደሚሮጥ፣ አንዱን ተከላካይ አስቀርቶ ሌላው ላይ እንዴት እንደሚወጣ ያሳየኝ ልጁ ነው። የለሊቱን ነገርም ወሰንኩት፤ የድሮ ጨዋታ በሳምንት አንድ፣ ከአራት ሰዓት በፊት፣ ከአባዬ ጋር በስልክ እያወራን። አባዬ አሁንም ጋይ የቅጣት ምቱን ሲመታ ኮሪደር እወጣለሁ ይላል።

ማርች 2025 ላይ አዲሱ አሰልጣኝ ታወቀ፤ ራያን ኦዶም። በ2018 ያን ለሊት ዩኤምቢሲን ያሠለጠነው ሰው! ያ 74 ለ 54 የእሱ ነው። ግሩፓችን ተቃጠለ። እኔ ስልኬን ለባለቤቴ ሰጥቼ ተኛሁ። በነጋታው ስለ እሱ አነበብኩ። አባቱ ዴቭ ኦዶም በ1980ዎቹ እዚሁ ቨርጂኒያ ረዳት አሰልጣኝ ስለነበሩ፣ ራያን ልጅ ሆኖ ሻርሎትስቪል ነው ያደገው። እኛ ያለቀስንበትን ለሊት የሠራልን ሰው ራሱ የእኛው ሰፈር ልጅ ነው። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቢሆን ይህን ማንበቤ ራሱ ያጠራጥራል።

ከዚያ የልጁ ተራ ደረሰ። በዚያው ጸደይ መክኒሊ በፖርታል ወደ ሉዊቪል ሄደ። እህቴ ደውላ «ክፍሉን ዘግቷል፣ ና» አለችኝ። መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፣ የመክኒሊን 11 ቁጥር ማሊያ ጭኑ ላይ አጥፎ። «ለምን ሄደ?» አለኝ። በአፌ ብዙ ነገር መጣ፤ ገንዘብ፣ ፖርታል፣ ታማኝነት። ዋጥኩት። «አላውቅም፣ ግን ሦስት ዓመት ተጫወተልን» አልኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ይሻልሃል» አላልኩትም፣ «ሌላ ይመጣል» አላልኩትም። እኔን እነዚህ ሁለቱ ናቸው ያናደዱኝ። ልጅ ካላችሁ አደራ፣ የሄደውን ተጫዋች ፊቱ አትስደቡበት። ትናንት የወደደውን ሰው ዛሬ መጥላት እንዳለበት ያስተማርነው እኛው ነን።

ከትንሽ በኋላ ታይ ጀሮም በ2019 የለበሰው ቁጥርም 11 እንደነበረ ነገርኩት። አሁን ራሱ ስለጠየቀኝ ነው። ስለ ቤኔት ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቁጭት አወራሁ፣ ስለ ፈተናውም ጭምር። እየሰማኝ ማሊያውን ዘረጋው።

ለ2025-26 ዘመን ቡድኑ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ተቀየረ። ታይስ ደ ሪደር ከቤልጂየም፣ ዮሐን ግሩንሎህ ከጀርመን፣ ማሊክ ቶማስ ከሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ፣ ቻንስ ማሎሪ ደግሞ እዚያው ከሻርሎትስቪል። ልጁ ስማቸውን በትልቁ ጽፎ እህቴ ፍሪጅ ላይ ለጥፎታል፣ ባለፈው እሑድ እየሸፈነ ፈተነኝ። ስድስቱን አወቅኩ። ለመጀመሪያው ጨዋታ አብረን ልንሄድ ነው፣ አባዬም ይመጣል። ልጁ 11 ቁጥሩን ልልበስ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ ልበስ አልኩት። እኔም የ2019ኙን ኮፍያ ከሳጥን አውጥቼ በር አጠገብ ሰቅያለሁ።